ሊጉ እስኪያልቅ

ሃሉንዳ፣ ስዊድን፣ ሴፕቴምበር 18 ቀን 2005

ለጋሼ አዲሱ፣

ጤና ይስጥልኝ። እኛ ደህና ነን ብዬ ልጀምር ነበር፤ ዕድሜ ልኬን ደብዳቤ የምጀምረው በዚያ ነው። ዛሬ ግን እጄ እምቢ አለኝ።

ልጄን ሚካልን የሥራ ቦታዎን አድራሻ ጠይቂልኝ ብዬ ሳስደውላት፣ ደግሞ ምን ሊመጣብኝ ነው ብለው ሳቁ አለችኝ። በቤትዎ አድራሻ ያልጻፍኩት ኖኅ እንዳያየው ነው። ስልኩንም የሚያነሳው እሱ ነው፤ የእናቱን ድምፅ ደግሞ ያውቃል፣ ገና «ሃሎ» ስል ይገባዋል።

በቅድሚያ ልጄን ቤትዎ ስላስገቡልኝ እግዚአብሔር ያክብርልኝ። ከክለቡ ቤት ለምን ወጣህ ብለው፣ ጋሽ አዲሱ ሽሮ ይሠራል አለኝ። ይኼ ልጅ እዚህ ሽሮ ሲቀርብ አፍንጫውን ይዞ ነበር የሚሸሸው። ይሁን፣ ሰው አገር ያስተምረዋል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። ወልዴ ታሟል። ጉበቱ ነው። በጋውን ሙሉ ጨጓራዬ ነው እያለ ሲሸነግለኝ ከርሞ፣ ባለፈው ሳምንት ሐኪሟ ሁለታችንን ጎን ለጎን አስቀምጣ ነገረችን። እዚህ አገር ለበሽተኛው ለራሱ ፊት ለፊት ነው የሚነግሩት፤ ይሉኝታ የሚባል ነገር አልፈጠረባቸውም። እሱ ሰማትና «ሊጉ የሚያልቀው መቼ ነው?» አለ። እሷ የምን ሊግ እንደሆነ አልገባትም፤ እኔ ግን ገባኝ። ሊጉ የሚያልቀው ግንቦት ላይ ነው። ሐኪሟ ግንቦትን አልጠራችልንም።

ያው ያውቁታል። ሁለታችሁ እዚያ ከተማ ተማሪ ሳላችሁ፣ በበረዶ እግራችሁ እየደነዘዘ የፖላንድን ትልቁን ሊግ ቆማችሁ ስታዩ የነበረውን ስንቴ ነግሮኛል። ወደ ስዊድን ሲሻገር አንጀቱን በልቶት የቀረው እርስዎና ያ ሜዳ ናችሁ። ኖኅ በዚያው ሊግ ለመጫወት የፈረመ ቀን፣ ወልዴ በምድር ባቡሩ፣ በቱነልባናው ውስጥ አጠገቡ ለተቀመጠው ሁሉ ሲያወራ ነው የመጣው። እኔ አፍሬ ሌላ ፉርጎ ገባሁ።

እና አሁን አዘዘ። ሊጉ እስኪያልቅ ኖኅ እንዳይሰማ አለ። ከሰማ ይመጣል፣ ከመጣ ቦታውን ሌላ ሰው ይይዝበታል፣ ልጄ የለፋበት በእኔ ጉበት አይቀርም አለ። እኔንም ሚካልንም አስማለን። እኔ ደግሞ እርስዎን አስምላለሁ፤ በሰርጋችን ቀን አጠገቡ በቆሙለት ሚዜነትዎ ይዤዎታለሁ። ምስጢሩን ይያዙልኝ፤ ጨዋታውንም በየጊዜው ይጻፉልን። ኖኅ በስልክ በስዊድንኛ «ያ፣ ያ፣ ብራ»፣ አዎ ደህና ነው፣ ከማለት ሌላ ወሬ የለውም፤ ወልዴ ደግሞ ከመድኃኒቱ ይልቅ የሚጠብቀው እሱን ነው።

አሰፋሽ


ዉች፣ ፖላንድ፣ ኦክቶበር 4 ቀን 2005

እህቴ አሰፋሽ፣

ደብዳቤሽን ያነበብኩት የማስተምርበት የጨርቃ ጨርቅ ትምህርት ቤት፣ በሁለት ክፍለ ጊዜ መሀል ነበር። ተመልሼ ገብቼ ስለ ጥጥና ሱፍ ማስተማር አቃተኝና ልጆቹን ወደ ቤታችሁ ሂዱ አልኳቸው። በጣም ደስ አላቸው።

ምን ልበልሽ? እኔና እሱ እዚህ የደረስነው በአንድ አውሮፕላን፣ በአንድ ካፖርት ነው። ካፖርቱን በየቀኑ እየተፈራረቅን ነበር የምንለብሰው፤ የእሱ ተራ ቀን እኔ ከመኝታ ቤት አልወጣም። አሁን እሱ ተኝቶ እኔ በእግሬ እሄዳለሁ። እግዚአብሔር የሚሠራውን ያውቃል ብዬ ልለፈው።

ለኖኅ ትንፍሽ አልልም። ወልዴ ይሙት! ይቅር በይኝ እህቴ፤ የአፍ ልማድ ነው፣ ሠላሳ ዓመት የማልኩት በእሱ ነው፣ እሱም በእኔ ነው የሚምለው። ከጻፍኩት በኋላ ልሰርዘው አልኩና መሰረዙም ገድ የሌለው መሰለኝ።

ስለ ልጁ ለጠየቅሽኝ፣ ደህና ነው። ይበላል። የምድር ቤቱን ክፍል ለቅቄለታለሁ፤ ደረጃ ለኳስ ተጫዋች እግር ጥሩ አይደለም።

ይኼን ደግሞ ለወልዴ አንብቢለት። ወልዴ፣ የቅዳሜውን ብታይ! ዝናቡ እንደ ድሮው ነው፣ ሜዳው ጭቃ፣ ሕዝቡ ያንኑ የድሮውን ዘፈን ይዘፍናል። ኖኅ ከስልሳኛው ደቂቃ በኋላ በቀኝ ክንፍ ገባ። ተከላካያቸው የግንብ ያህል ነው፤ ልጅህ በግራ የሚያልፍ መስሎ በቀኝ አለፈውና ኳሷን ወደ መሀል ላካት። አጥቂያችን በጭንቅላቱ ገጭቶ ወደ ሰማይ ሰደዳት። ዜሮ ለዜሮ ወጡ። አጠገቤ ያሉት ሽማግሌ ማነው ይኼ ልጅ ሲሉኝ የእኔ ነው አልኳቸው። ይቅር በለኝ፣ አንተ ስለሌለህ ነው።

አዲሱ


ሃሉንዳ፣ ኖቬምበር 20 ቀን 2005

ጋሼ አዲሱ፣

እንደምን ከረሙ? ሦስቱም ደብዳቤዎች ደርሰውናል። ለምን አልመለስሽም ላሉኝ፣ በየሦስት ሳምንቱ መርፌውን ሲወጋ አልጋው አጠገብ የምቆመው እኔ ነኝ። ፀጉሩ አለቀ። ድሮም ብዙ አልነበረውም ብሎ ራሱን ያጽናናል።

ደብዳቤዎን እንዴት እንደምናነብ ልንገርዎ። መጀመሪያ ትራሱን ከፍ አደርግለታለሁ። ከዚያ እሱ ዓይኑን ይጨፍናል፣ እኔ አነባለሁ። ኳስ ባልወድም ማንበቡን ለምጄዋለሁ፤ ኖኅ ኳስ የያዘ ጊዜ ድምፄን ከፍ ማድረግ አለብኝ፣ አለዚያ እንደገና ያስነብበኛል። የኦክቶበሩን አምስት ጊዜ አንብቤለታለሁ። ሳነብ ብቻውን ፈገግ ይላል። ምን አሳቀህ ስለው፣ አዲሱ ድሮም ሲተርክ ያምርበታል ይለኛል።

እንደምንም ብሎ የሚወጣው ቅዳሜ ቅዳሜ ብቻ ነው። ሚካል ክንዱን ይዛ ከገበያ ማዕከሉ አጠገብ ወዳለው ቤተ መጻሕፍት ትወስደዋለች። ምን ትሠራለህ ብለው፣ ጋዜጣ አነባለሁ ይላል። ቤት መዋል ሰልችቶታል ብዬ ትቼዋለሁ።

አንድ ጭንቀት አለብኝ። ሊጉ በበረዶው ምክንያት ከገና በፊት ቆሞ እስከ ማርች ያርፋል አሉ። ኖኅ ለገና እመጣለሁ ቢልስ? አባቱን አሁን ባለበት ሁኔታ ካየው አበቃ። ሕንፃው ውስጥ ስታምቢቴ አለ፣ ግድግዳው ተፈልፍሎ ቧንቧው እየተቀየረ ነው፣ ውኃ እንኳ የለንም ይበሉልኝ። ሁለት ዓመት አለፈው እንጂ ስታምቢቴስ ነበረን። ውሸት ስናገር ይታወቅብኛል፤ እርስዎ ይንገሩልኝ።

አሰፋሽ


ዉች፣ ዲሴምበር 4 ቀን 2005

እህቴ አሰፋሽ፣

ስታምቢቴሽን ነገርኩት። ምንም አልተቃወመም፤ እንዲያውም እፎይ ያለ መሰለኝ። እኔም ልጽፍልሽ ስል ነው ያንቺ የደረሰኝ። በዕረፍቱ ክለቡ ወደ ሞቃት አገር ልምምድ ይወስዳቸዋል፣ ለገና ሊመጣ አይችልም ልልሽ ነበር። ነገሩ ተገጣጠመልን።

ስለ እሱ ተጨንቀሽ ለምን ድምፁ ቀዘቀዘ ብለሽ በሚካል በኩል ጠይቀሽኛል። ብርድ ነው፤ ፀሐይ ሳናይ ነው የምንውለው፣ እዚያም ያው ነው። ደግሞ ሃያ አንድ ዓመቱ ነው፣ በዚያ ዕድሜ እኛም እንዲህ ነበርን። ወልዴን ጠይቂው፤ አንድ ክረምት ሙሉ ከሰው ሳይነጋገር ዱባ ብቻ በልቶ ወጥቷል።

ለወልዴ የጻፍኩት በጀርባው ላይ አለ። የመጨረሻው ጨዋታ ነው፣ ሁለት ለአንድ አሸነፉ። ኖኅ ዘጠና ደቂቃ ሙሉ ነበር።

አዲሱ


ሃሉንዳ፣ ጃንዋሪ 12 ቀን 2006

ጋሼ አዲሱ፣

እንኳን አደረስዎ። በዓሉ እንዴት ዋለ ላሉኝ፣ ዋለ ብቻ ልበልዎ። ወዳጄ ሸዋሉል ከኡፕላንድስ ቬስቢ ድረስ በባቡር ዶሮ ተሸክማ መጣች፤ ወልዴ መረቁን ቀምሶ አመሰገነ፣ ከዚያ ሁሉንም መለሰው።

ኖኅ ሲደውል ግን ቢያዩት! ከማለዳ ጀምሮ ድምፁን ሲያሟሽ ነበር። ማር በውኃ በጥብጬ አጠጣሁት፣ ቀና አድርጌ አስቀመጥኩት። «አንተ ጎረምሳ፣ የፖላንድ ቆንጆዎች ኳስ አስረሱህ ወይ?» ብሎ ጀመረው። ሁለት ደቂቃ አወራ፣ ሳቀም። ልጁ ምን እንዳለው አላውቅም፤ ሣሩ ሲበቅል መጥተህ ታየኛለህ ያለው ይመስለኛል፤ ወልዴ «እመጣለሁ፣ እመጣለሁ» ሲል ሰምቻለሁ። ስልኩን ከዘጋ በኋላ እስከ ማግስቱ ተኛ።

በማግስቱ ሳጥበው፣ እኔን ሳያይ፣ ግድግዳውን እያየ፣ ኖኅ ዛሬ ቢኖር ጀርባዬን ያሽልኝ ነበር አለ። ያን ብቻ ነው ያለው። ወዲያው ደግሞ ያልኩትን እርሺው አለኝ።

ጋሼ፣ እንዴት ልርሳው? እስኪ ይምከሩኝ። ልጥራው? አሁን ዕረፍት ላይ ናቸው፤ ሳምንት መጥቶ ቢመለስ ቦታውን ማን ይወስድበታል? መሐላዬን ባፈርስ እኔ ከወልዴ ጋር እታረቃለሁ፤ ተጣልተን ታርቀን ነው የኖርነው። እርስዎ ይምጣ ካሉኝ እጠራዋለሁ። መልስዎን እጠብቃለሁ።

አሰፋሽ


ሃሉንዳ፣ ፌብሩዋሪ 20 ቀን 2006

ጋሼ አዲሱ፣

ደብዳቤዬ አልደረሰዎትም ይሆን? አንድ ወር አለፈ። ወልዴ ከእንግዲህ ከአልጋ አይወርድም፤ ቅዳሜም ሚካል ብቻዋን ናት የምትሄደው። ሐኪሟ ወራት ማለት ትታ ሳምንታት ማለት ጀምራለች።

ትናንት ምን አምሮሃል ብዬ ጠየቅሁት። ፓፓያ፣ ብርቱካን የሚለኝ መስሎኝ ቦርሳዬን ይዤ ነበር። «ኖኅ አንዲት ጎል ሲያገባ መስማት» አለኝ።

አሰፋሽ


ዉች፣ ማርች 5 ቀን 2006

እህቴ አሰፋሽ፣

የጃንዋሪ ደብዳቤሽ ደርሶኝ ነበር። መልስ ስላልሰጠሁሽ አትቀየሚኝ። አሁንም ስለዚያ አልጽፍም፤ በቶሎ ወልዴ ጋ ሂጂና ትራሱን ከፍ አድርጊለት።

ወልዴ፣ ሊጉ ትናንት ተጀመረ። ሜዳው ዳር ዳሩን በረዶ ነው፣ መሀሉን ጠርገውታል። ሰባ ስምንተኛው ደቂቃ ላይ አንድ ለአንድ ናቸው። ማዕዘን ምት ተመታ፣ በረኛው በጡጫ መለሳት። ኳሷ ወደ ማን ሄደች? ኖኅ ከአሥራ ስድስት ከሃምሳው ውጪ ብቻውን ቆሟል። አላቆማትም። በአየር ላይ እንዳለች በቀኝ እግሩ መታት፣ መሬት ሳትነካ የግራውን ማዕዘን ይዛ ገባች። ወልዴ፣ መረቡ ላይ ያለው በረዶ ሲራገፍ አይቻለሁ! ልጁ ወደ እኛ ሮጦ መጣ፤ ድሮ እኔና አንተ እንቆምበት ወደነበረው ጥግ። ሁለት እጁን ዘርግቶ ቆመ። ማንን እንደሚፈልግ አውቄአለሁ።

ሁለት ለአንድ አለቀ።

አዲሱ


ዉች፣ ማርች 12 ቀን 2006፣ እሑድ

እህቴ አሰፋሽ፣

ይኼን ለወልዴ አታንብቢለት። በሩን ዘግተሽ ብቻሽን አንብቢው።

ኖኅ አይጫወትም። ከሴፕቴምበር ጀምሮ አንድም ቀን አልተጫወተም። ሦስተኛው ጨዋታ ላይ የጉልበቱ ጅማት ተበጠሰ፤ ሆስፒታል ገብቶ ቀዶ ሕክምና ተደረገለት፣ እስከ አዲሱ ዓመት በምርኩዝ ሄደ። እኔ ጋ የገባውም ለሽሮ አይደለም፤ የክለቡ ቤት አራተኛ ፎቅ ላይ ነው፣ ደረጃውን መውጣት ስላቃተው ነው። ሞቃት አገር የሄዱት ሌሎቹ ናቸው። እሱ እኔ ቤት ከምድር ቤቱ መስኮት የሰው ጫማ ሲቆጥር ነው የከረመው። ስታምቢቴ ስለው እፎይ ያለው ምርኩዙን አባቱ ስለማያይበት ነው።

ሆስፒታል አልጋው ላይ ሆኖ፣ ሮጬ እስካሳየው ድረስ ለአባቴ እንዳትነግር ብሎ ለመነኝ። በምን ልማልልህ አልኩት። አንተ ሁልጊዜ በምትምልበት አለኝ። «ወልዴ ይሙት አልናገርም» አልኩት። የአባቱን ሕመም ያን ጊዜ አላውቅም፤ ያንቺ ደብዳቤ በሳምንቱ ደረሰ። እንግዲህ ፍረጂኝ። ለአንቺ ምዬ ለእሱ ሳልናገር፣ ለእሱ ምዬ ለአንቺ ሳልናገር፣ ሁለታችሁም ያሰራችሁኝ በአንድ ሰው ነፍስ ነው። ልጥራው ወይ ብለሽ ስትጠይቂኝ ብዕሬን አንስቼ ነበር። መሐላውን ባፈርስ ወልዴን በገዛ እጄ የምገድለው መሰለኝ። የተማረ ሰው ነኝ፣ ሠላሳ ዓመት አውሮፓ ኖሬአለሁ፤ ይኼው ፈራሁ።

ጎሏም የለችም። ሳምንታት ቀሩት ስትዪኝ ደብዳቤው እንዳይዘገይ ብዬ ጨዋታው ሳይደረግ ሐሙስ ዕለት ጽፌ ፖስታ ቤት አስገባሁት፤ ቀኑን ብቻ የእሑድ አደረግሁት። ቅዳሜ በረዶ ወርዶ ጨዋታው ራሱ ተላለፈ።

ዛሬ ጠዋት ኖኅ ሻይ አቀረበልኝና፣ አባባ በስልክ ድምፁ ለምን ቀጠነ ብሎ ጠየቀኝ። ሻዩን ሳልጠጣ ወጣሁ። ስለዚህ መሐላዬን አፍርሻለሁ። ልጅሽ ሥራ የለውም፣ ቦታውን የሚወስድበት የለም፣ እግሩ በደንብ ይሄዳል። ደውዪና «ላከው» በዪኝ። በዚያው ቀን አሳፍረዋለሁ።

አዲሱ


ሃሉንዳ፣ ማርች 15 ቀን 2006

ጋሼ አዲሱ፣

መርዶ በወረቀት እንደማይነገር አውቃለሁ። ሰው ሰብስቤ፣ ማልጄ፣ በርዎን አንኳኩቼ ነበር መናገር የሚገባኝ። ከዚህ ሆኜ የዉች በርዎ ሩቅ ሆነብኝ፤ ይቅር ይበሉኝ። ተቀምጠው ያንብቡት።

ወልዴ እሑድ ጠዋት አረፈ። ቅዳሴ ገና አላለቀም ነበር። አልተጨነቀም፤ እጁን ይዤው ነበር፣ ሚካል እግሩን።

እዚህ አገር ሰው ሞቶ ቶሎ አይቀበርም፤ ወረፋ አለው። የእሱ ማርች 24 ቀን ነው። የሰፈሩ ሰው ሁሉ ጊዜ አለ፣ ልጁ ይጠራ ይለኛል። አባ ሳይቀሩ መከሩኝ። እምቢ አልኩ። የመጨረሻ ቃሉ ምን እንደነበር የሰማሁት እኔ ነኝ፤ «ሊጉ እስኪያልቅ» ነው ያለው። ጎል ባገባ በሳምንቱ ልጄን ከሜዳ ጎትቼ ሬሳ ላሳየው? አላደርገውም። እርስዎም እንዳይናገሩ። ሐዘንዎን ውጭ ውጭ ይጨርሱ።

ኖኅ ቢደውል ለቅሶ እንዳይሰማ ስልኩን ነቅለነዋል። ስታምቢቴው መስመሩን በጠሰው እያለች ሚካል በሞባይሏ ታወራዋለች፤ ደረጃው ላይ ወጥታ ነው የምታወራው፣ ስትመለስ ፊቷን አታሳየኝም።

ከእንግዲህ ጨዋታ አይጻፉልኝ። የሚሰማው የለም።

አሰፋሽ


ሃሉንዳ፣ ኤፕሪል 2 ቀን 2006

አቶ አዲሱ፣

የማርች 12 ደብዳቤዎን ያነበብኩት ትናንት ነው።

የመጣው ወልዴ ባረፈ በአምስተኛው ቀን ነበር። ቤቱ በለቀስተኛ ተሞልቷል። ሙሉወርቅ የምትባለው ጎረቤቴ ከፖላንድ ነው ብላ ሰጠችኝ። ጽሑፍዎን አየሁ፣ ሌላ ጨዋታ መሰለኝ። ትራስ ከፍ ሳላደርግ፣ እሱ ዓይኑን ሳይጨፍን፣ ለማን ላነበው ነው? ቴሌቪዥኑ ሥር ወረወርኩት። ደብዳቤው እዚያው እንደወደቀ ወልዴን ቀበርነው። ትናንት ቤት ሳጸዳ አገኘሁት፣ በልቶ እንደሆነ ልየው ብዬ ቀደድኩት። በልቶ እንደሆነ ማለቴ ኖኅን ነው።

እኔ ቀባሪ ለምኜ ሬሳ ተሸካሚ ሳሟላ፣ ልጄ ምድር ቤትዎ ውስጥ የሰው ጫማ ይቆጥር ነበር! ገናን ሙሉ፣ ጃንዋሪን ሙሉ፣ ፌብሩዋሪን ሙሉ! አባቱ ጀርባዬን ቢያሽልኝ እያለ! ከመቃብሩ ዳር ስቆም ሰው ሁሉ በዓይኑ የሚፈልገው ኖኅን ነበር፤ እኔ ጨዋታ አለበት፣ ጨዋታ አለበት እያልኩ መለስኩ። ለአባ ሳይቀር ጨዋታ አለበት አልኳቸው።

የእኔ ደብዳቤ ከደረሰዎት በኋላስ ለምን ዝም አሉ? እስከ ቀብሩ ቀናት ነበሩን እኮ። ቴሌግራም የለም? ፖሊስ የለም?

በቃ። አሁን ይንገሩት። እኔ ብደውል ድምፄ አይታዘዝልኝም። ግን በወጉ ይንገሩት። ብቻዎን እንዳይነግሩት፤ ሰው ይፈልጉ። በጠዋት ይሁን፣ ምግብ ሳይቀምስ። ውኃ ይያዙ። ሲወድቅ ጉልበቱን ይጠብቁለት።

አሰፋሽ


ዉች፣ ኤፕሪል 9 ቀን 2006

እህቴ አሰፋሽ፣

ለምን ዝም አልክ ላልሽኝ፣ ደብዳቤዬን አንብበሽዋል ብዬ ነው። ያንቺ የደረሰኝ ማርች 20 ቀን ነው፤ ባሰላው የእኔም ደርሶሻል። ስልክሽ አይሠራም። ብታነቢው ትጠሪው ነበር፤ ካልጠራሽው እንግዲያስ አዝነሽብኛል፣ ለቀብርም እኔንም እሱንም ማየት ጠልተሻል አልኩ። በየቀኑ ከትምህርት ቤቱ የፖስታ ሣጥን ፊት ቆሜ ነበር። ዝምታሽን ፍርድ አድርጌ ወሰድኩት። ጅል ነኝ፣ ሌላ ምን እላለሁ?

ትናንት ጠዋት ነገርነው። ይኼ ከተማ ውስጥ አበሻ የምለው ሰው የለኝም። ከዋርሶ አሳምነውና ትሁት የሚባሉ ተማሪዎች ሌሊቱን በባቡር መጡልኝ፤ ወልዴን አያውቁትም፣ ነጠላ ግን ይዘው ነበር። የክለቡን ወጌሻ ጠራሁ፣ ክረምቱን ሙሉ ጉልበቱን ያሸው ሽማግሌ ነው። የላይኛዋን ጎረቤቴንም። እነዚህ ፖላንዶች በማለዳ አምስት ሰው ሆኖ መግባት ለምን እንዳስፈለገ አልገባቸውም፤ ግን አልጠየቁኝም፣ ጫማቸውን አውልቀው ከኋላዬ ተሰለፉ።

ኖኅ አልጋው ላይ ተቀምጦ አገኘነው። አንድ በአንድ ተመለከተን። ወጌሻው ላይ ሲደርስ ገባው። አልወደቀም። «መቼ?» ብቻ አለኝ። ነገርኩት። «እሑድ? ሻይ ያፈላሁልህ ቀን?» አለኝ። ከዚያ በኋላ ያለውን በደብዳቤ አልጽፈውም።

ከግዳንስክ በመርከብ ረቡዕ ይነሳል። አባቱም በመርከብ ነው ከዚህ አገር የወጣው፤ እሱንም ወደብ ድረስ የሸኘሁት እኔ ነኝ። ኖኅ ለእኔ ምንም ክፉ ቃል አልተናገረኝም። ቢናገረኝ ይሻለኝ ነበር።

አሰፋሽ፣ መሐላዬን ያፈረስኩት እሑድ ጠዋት ነው። ወልዴ የሞተውም እሑድ ጠዋት ነው። ይኼን ለማንም አላልኩም፤ ለአንቺ ብቻ ነው።

አዲሱ


ሃሉንዳ፣ ሜይ 14 ቀን 2006

ለጋሼ አዲሱ፣

እንደምን ሰነበቱ? ያለፈውን ደብዳቤዬን «አቶ» ብዬ ስለጀመርኩት አፍሬአለሁ። አርባው ሕማማት ላይ ስለዋለ ከፋሲካ በኋላ አወጣነው፤ የእርስዎንም ስም ከቤተሰቡ ጋር አስጠርቻለሁ።

ስለ እሑዱ ላሉኝ፣ ወልዴን የገደለው ጉበቱ ነው። ሁለተኛ እንዲህ ያለ ነገር እንዳይጽፉልኝ።

ልጁ እንዴት ነው ብለዋል። በሰላም ገብቷል። ሳምንት ሙሉ ከአባቱ አልጋ አልተነሳም። በስዊድንኛ ነው ከሚካል ጋር የሚያወራው፣ ለእኔ ምግብ በልቻለሁ ብቻ ይላል። ትናንት ግን ሊጉ አለቀ። ሚካል ከቤተ መጻሕፍቱ ኮምፒዩተር ውጤቱን አይታ መጣችና ነገረችው። እኔ በምን ታውቂዋለሽ አልኳት። ያን ጊዜ ቁጭ አለችና ስታለቅስ ቆየች። ከዚያ ተናገረች።

ጋሼ፣ ወልዴ ያውቅ ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ ጋዜጣ ሊያነብ አልነበረም የሚሄደው። የፖላንድን ሊግ ከኮምፒዩተሩ ላይ እያስከፈተ፣ የእያንዳንዱን ጨዋታ ተሰላፊ ስም በስም ያነብ ነበር። በፖላንድኛ! እርስዎም እኔም እንዴት ረሳነው? ከእርስዎ ጋር አይደል የተማረው? የኖኅን ስም ከሴፕቴምበር ወዲህ አላገኘውም። ጉልበቱን ግን አላወቀም፤ አሰልጣኙ ወንበር ላይ አስቀምጦት ልጄ አፍሯል ብሎ ነው ያሰበው። ሚካልን፣ ተሸንፎ እንዲመጣ አልጠራውም፣ የእኔ በሽታ ሰበብ አይሆነውም፣ ይታገል አላት። አፏንም በመሐላ አሰረው። ልጁ ተጎድቶ መሆኑን ቢያውቅ ግን በሁለት እግሩ ሄዶ ያመጣው ነበር፤ እኔ አውቀዋለሁ። አንዱ ለአንዱ አዝኖ፣ አራታችንም አንድ ልጅ ከአባቱ ለየን።

ኖኅ ይኼን ሁሉ ቆሞ ሰማ። ከዚያ የእርስዎን ደብዳቤዎች አምጪልኝ አለኝ። አማርኛ ማንበብ አይችልም፣ እኔ አነበብኩለት። አልጋው ላይ ጋደም ብሎ ዓይኑን ጨፈነ፤ ማንም አላስተማረውም። ያላለፈውን ተከላካይ፣ ያልሮጠበትን ጭቃ፣ ሁሉንም ሰማ። ጎሏ ላይ ስደርስ ሚካል ውኃ ሰጠችኝ፣ ጨረስኩት። መጋቢት መግቢያ ላይ ያ ደብዳቤ ሲደርስ ሚካል ጨዋታው በበረዶ መተላለፉን ለአባቷ አስቀድማ ነግራው ነበር አሉ። እናትሽን ተያት፣ ታንብብልኝ ብሏታል።

ኖኅ ዓይኑን ሳይገልጥ፣ በአማርኛ «አባባ ጎሏን ሲሰማ ምን አለ?» ብሎ ጠየቀኝ።

ምንም አላለም፣ አጨበጨበ አልኩት። እውነቴን ነው ጋሼ። እጆቹ አቅም አልነበራቸውም፣ ብርድ ልብሱ ላይ ሲገናኙ ድምፅ እንኳ አላወጡም፤ ግን አጨበጨበ።

አሰፋሽ